ያጠፋሁት ድምፅ

የዛሬ 11 ዓመት ገደማ ሃያ ሁለት አካባቢ፣ ከአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ባለች ትንሽ ስቱዲዮ ውስጥ እሠራ ነበር። የማስታወቂያ ድምፅ፣ የሠርግ ዘፈን፣ የመዝሙር ሲዲ፣ የመጣውን ሁሉ እንቀዳለን። የእኔ ድርሻ ማጽዳት ነበር። ዘማሪው ካሳለ ሳሉን አወጣለሁ። ወንበር ከጮኸ አወጣለሁ። የመኪና ክላክስ ከውጭ ከገባ እሱንም አወጣለሁ። በዚህ ሥራ እታወቅ ነበር። ደንበኛ ሲመጣ «ለሱ ስጡት፣ ጥርት አድርጎ ያወጣዋል» ይባላል። እኔም ደስ ይለኛል።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የአንድ ጽዋ ማኅበር ሰዎች አንድ በገና ደርዳሪ አባት ይዘው መጡ። ለጾሙ የሚሆን ሲዲ ማውጣት ፈልገዋል። አባባ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። በገናቸውን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለው፣ ሚኒባስ ላይ የሁለት ሰው ሒሳብ ከፍለው ነው የመጡት። አንዱ ወንበር የእሳቸው፣ አንዱ የበገናው። ወያላው «ተዉት አባባ» ብሎ ሊመልስላቸው ቢሞክርም እንቢ ማለታቸውን አብሯቸው የመጣው ልጅ ነገረኝ።

ማይኩን አስተካክዬ «አባባ፣ እንጀምር?» አልኳቸው።

«ቆይ ልጄ፣ ገና አልነቃም» አሉኝ። በገናውን ማለታቸው ነው።

40 ደቂቃ ያህል ቆየን። መቃኛውን ያዞራሉ። አውታሩን ይመታሉ። ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ከዚያ ከአውታሩ ሥር ያለች ትንሽ ቁራጭ ቆዳ በጥፍራቸው ገፋ ያደርጋሉ። እንደገና ይመታሉ። መልሰው ሳብ ያደርጓታል። አንዱን ሲጨርሱ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። እኔ ከመስታወቱ ወዲያ ሆኜ ሰዓቴን አያለሁ። መቅጃውን አላጠፋሁትም፤ አሁን ይጀምራሉ፣ አሁን ይጀምራሉ እያልኩ ነው። የተበላሸ ነገር የሚጠግኑ መስሎኝ ነበር።

ሲጀምሩ ግን አላቆሙም። ከመዝሙር ወደ መዝሙር እየተሻገሩ፣ ውኃ እንኳ ሳይጠጡ ጨረሱ። ከዚያ በገናውን በጋቢው መልሰው ጠቅልለው፣ አመስግነውኝ ሄዱ።

ማታ በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ደነገጥኩ። ከእያንዳንዱ ምት ጋር ዝዝዝ የሚል ነገር አለ። ወረቀቱ የተቀደደ ድምፅ ማጉያ ይመስላል። መጀመሪያ ማይኩን ጠረጠርኩ፣ ቀጥሎ ኬብሉን። ሁለቱም ደህና ናቸው። ድምፁ የሚመጣው ከበገናው ነው። አባባ አርጅተዋል፣ በገናውም አብሯቸው አርጅቷል ብዬ ደመደምኩ። ሁለት ሌሊት ሠራሁ። ከፍ ከፍ ያሉትን ፍሪኩዌንሲዎች ቆረጥኩ፣ ኖይዝ ማጥፊያውን ደጋግሜ አስኬድኩ፣ የቀረውን አንድ በአንድ እየለቀምኩ አወጣሁ። በመጨረሻ ልስልስ ያለ፣ ክብ፣ ዝቅ ያለ የጊታር ድምፅ የሚመስል ነገር ወጣልኝ። ከዚያ በፊት ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ የበለጠ ነው ብዬ አመንኩ።

አባባ ሊሰሙት መጡ። የመጀመሪያውን መዝሙር ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ሲያልቅ ትንሽ ዝም አሉ።

«ልጄ፣ እንዝራውን የት አደረግኸው?» አሉኝ።

ቃሉን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

* * *

በገናን በሥዕልና በቴሌቪዥን ያላየ የለም። አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያየው ግን ጥቂት ነው። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ይበልጣል። ከታች ገበቴ የሚባል፣ በከብት ቆዳ የተለበጠ የእንጨት ሳጥን አለው። ከገበቴው ሁለት ምሰሶዎች ይነሣሉ፣ ከላይ ቀንበር ያገናኛቸዋል። ከቀንበሩ 10 አውታሮች ወደ ገበቴው ይወርዳሉ። በጥንቱ ወግ አውታሩ ከበግ አንጀት የሚከር ነው። ዐሥር አውታር ያለው በገና በመዝሙረ ዳዊት ተጠቅሷል፤ አባቶችም ቁጥሩን ከዐሥርቱ ትእዛዛት ጋር ያያይዙታል። በጣት ሲደረደር ግን ዐሥሩም አይመቱም። ብዙውን ጊዜ ድምፅ የሚሰጡት 5 ወይም 6 ናቸው። የቀሩት ጣት ከመታ በኋላ የሚያርፍባቸው ናቸው። ይህን ሳውቅ ደስ አለኝ። ሳይናገሩ ሌላውን የሚደግፉ አውታሮች አሉ ማለት ነው።

አውታሮቹ ገበቴው ላይ ሲደርሱ ብርኩማ በሚባል ሰፋ ያለ እንጨት ላይ ያልፋሉ። እንዝራ እዚያ ነው ያለችው። በአውታሩና በብርኩማው መካከል የምትገባ ቁራጭ ቆዳ ናት፣ ለእያንዳንዱ አውታር አንዳንድ። አውታሩን ከእንጨቱ ላይ በጥቂቱ ታነሣዋለች። በጣም ካነሣችው አውታሩ ብቻውን ይርገበገባል፤ ድምፁ አጭርና ደብዛዛ ይሆናል። በጣም ዝቅ ካለች አውታሩ እንጨቱ ላይ ይተኛና ይታፈናል። በሁለቱ መካከል የፀጉር ያህል ቦታ አለች። እዚያች ላይ አውታሩ ሲርገበገብ ብርኩማውን እየነካ እየለቀቀ ይሄዳል። ያን ጊዜ ይነዝራል። አባባ 40 ደቂቃ ሙሉ ሲፈልጉ የነበረው ያችን ቦታ ነው፤ ያውም ለእያንዳንዱ አውታር ለየብቻ።

የድምፅ ሰው ነኝና ነገሩ ከገባኝ በኋላ አሠራሩን መመርመር ጀመርኩ። ረጅምና ወፍራም አውታር በጣም ዝቅ ያለ ድምፅ ይሰጣል። ዝቅ ያለ ድምፅ ጆሮ ላይ ይደክማል፣ ትንሽ ክፍል ውስጥ እንኳ ይጠፋል። አውታሩ ብርኩማውን ሲነካካ ግን ከዋናው ድምፅ በላይ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች ይወለዳሉ። ጆሮ ቀድሞ የሚይዘው እነሱን ነው፤ ከእነሱ ተነሥቶ የታችኛውን ወፍራም ድምፅ ራሱ ይሞላዋል። ድምፁም ቶሎ አይሞትም፣ ቀስ እያለ እየሳሳ ይቆያል። የሚቀጥለው ምት ሲመጣ ያለፈው ገና አለ።

እና ደግሞ የደርዳሪው ድምፅ አለ። በገና ደርዳሪ አይጮህም። ለብቻው እንደሚያስብ ሰው ዝቅ ብሎ ነው የሚያዜመው። ስለ ሞት ያነሣል፣ ስለ ዓለም ከንቱነት፣ ስለ እመቤታችን፣ ስለ ጌታ ሕማም። የሰውየው ድምፅና የአውታሩ ድምፅ አንድ አካባቢ ስለሚውሉ፣ እንዝራው ባይኖር አንዱ ሌላውን በዋጠው ነበር። እኔ የሠራሁት ሲዲ ላይ የሆነው ይኸው ነው። አባባ ይሰማሉ፤ በገናው ግን ከኋላቸው እንደ ምንጣፍ ተነጥፏል።

ሲዲው እንደዚያው ታተመ። የማኅበሩ ሰዎች ወደውታል፣ «እንዴት ጥርት ብሏል!» አሉ። ጊዜም አልነበረም። ልመልሰው፣ እንደ ገና ልሥራው ብዬ አባባን ለመንኳቸው። «ጾሙ እየገባ ነው፣ ሰዉ ይጠብቃል፣ ተወው» አሉኝና ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ወጡ። አንድም የቁጣ ቃል አልተናገሩም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

* * *

በጾሙ አጋማሽ፣ ለደብረ ዘይት ሰሞን፣ ቤታቸው ሄድኩ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ከፍ ብሎ ነው። ቆሎ ቀረበ፣ ሻይ ቀረበ። በገናው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አውርደው ሰጡኝ፤ ጣቴን ይዘው እንዝራዋን አስነኩኝ።

«ይቺን ነው ያወጣሃት» አሉኝ። እንደ አያት ነው ያሉኝ፣ በርጋታ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለብዙ ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ ሄድኩ። መደርደር በደንብ አልቻልኩም፤ እስከ ዛሬም አልችልም። ማዳመጥ ግን ተማርኩ። በገና የቅዳሴና የማኅሌት መሣሪያ እንዳልሆነ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ለማኅሌት ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ አሉ። የበገና ቦታ ቤት ነው፣ ሌሊት ነው፣ ጾም ነው። ድሮ መሳፍንቱና መኳንንቱ ይደረድሩት ነበር፤ ሰው ሊያዝናኑበት ሳይሆን ለራሳቸው ሊጸልዩበት። ተመልካች አይፈልግም። ለዚህም ይመስለኛል ስቱዲዮ ውስጥ ሲገባ ግር የሚለው።

በደርግ ዘመን በገና ከሬዲዮ ራቀ። አባባም ያኔ ውጭ ይዘውት አይወጡም ነበር። እንጦጦ የተወለዱት በገና ደርዳሪው ዓለሙ አጋ በልጅነታቸው ከጎረቤታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ተምረው፣ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1980 በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና አስተምረዋል። ጥበቡ ከእጅ ወደ እጅ የዘለቀው እንዲህ ነው፤ ጎረቤት ለጎረቤት፣ መምህር ለደቀ መዝሙር። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በገና የሚያስተምሩ ቤቶች አሉ። ወጣቶች ይማራሉ፤ ሴቶች ልጆች ደግሞ ብዙ ናቸው። የሁዳዴ 55 ቀን ሲገባ ሬዲዮኑ፣ ታክሲው፣ ሱቁ ሁሉ በገና ይሆናል። ይህን ሳይ ልቤ ይሞላል።

አንድ ነገር ግን ያስጨንቀኛል። ከምሰማው ብዙው እኔ የሠራሁትን ሲዲ ይመስላል። በኪቦርድ የተሠራ «በገና» አለ። ንዝረቱ የታጠበ፣ ከሥሩ ቫዮሊን የተነጠፈለት አለ። ናይለን አውታር ለጀማሪ ርካሽ ነው፣ ቶሎም አይበጠስም፤ በዚያ ላይ አልፈርድም። እንዝራው ሲጠፋ ግን ዝም ማለት አልችልም። ያ ምቾት ሳይሆን መሣሪያውን በሌላ መሣሪያ መለወጥ ነው።

* * *

ከሁለት ዓመት በኋላ ለቀረጻ ሥልጠና ናይሮቢ ሄድኩ። አብሮኝ አንድ ክፍል የደረሰው ልጅ ከሐራሬ የመጣ ዚምባብዌያዊ ነበር። አንድ ማታ ከሻንጣው ምቢራ አወጣ። ምቢራ ማለት ጠፍጣፋ እንጨት ላይ የተደረደሩ ቀጫጭን የብረት ምላሶች ናቸው፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይመታሉ። እንጨቱ ላይ ግን ሌላም ነገር ነበር። ቆርኪ። የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ፣ መሐሉ ተበስቶ፣ እንዲላላ ተደርጎ በሽቦ የታሰረ። ምላሶቹ በተመቱ ቁጥር ቆርኪዎቹ ዝዝዝ ይላሉ።

አልጋዬ ላይ ተነሥቼ ቁጭ አልኩ። ድምፁን አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ ገድዬዋለሁ።

ሾና የሚባሉት የዚምባብዌ ሰዎች ድሮ በቆርኪው ፋንታ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ያስሩበት እንደ ነበር ነገረኝ። ምቢራው ሲመታ ትልቅ ቅል ውስጥ ይገባል፤ ቅሉም ዙሪያውን ቅርፊት ወይም ቆርኪ አለው። «ቢራ» ብለው በሚጠሩት ሥርዓታቸው ላይ ሌሊቱን ሙሉ እየተመታ የአባቶች መንፈስ ይጠራበታል። ስለዚህም የቅኝ ግዛት ዘመን ሚሲዮናውያን አወገዙት። ዛሬ ግን የምቢራ አሠራርና አጨዋወት የዚምባብዌና የማላዊ የጋራ ቅርስ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2020 በዩኔስኮ ተመዝግቧል።

«ቀረጻ ላይ ቆርኪዎቹን በፕላስተር አሽጋቸው ተብዬ አውቃለሁ» አለኝ።

«ምን አልክ?»

«አሸግኳቸው። ከዚያ ግን መጫወት አቃተኝ። ሌላው ሰውዬ ከክፍሉ የወጣ መሰለኝ።»

ሌላው ሰውዬ ማን እንደሆነ ሲያስረዳኝ አመሸ። ምቢራ ሲመታ ከምላሶቹ ዜማ በላይ፣ ከንዝረቱ ውስጥ፣ ማንም ያልመታው ሌላ ዜማ ይሰማል። ተጫዋቹ ያንን እየሰማ መልስ ይሰጠዋል። እኔም የአባባን ነገር ነገርኩት። እንዝራ የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ አስደገመኝ፣ እስኪይዘው።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ ይህን ንዝረት እየተከታተልኩ ነው። የት የት እንደማገኘው ሳይ እገረማለሁ። በጊኒና በማሊ ባላፎን አለ። የእንጨት ጣውላዎች በተርታ ተደርድረው በዱላ ይመታሉ፤ ከእያንዳንዱ ጣውላ ሥር በልኩ የተመረጠ ቅል ተንጠልጥሏል። ቅሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል። ቀዳዳው ላይ ደግሞ ሸረሪት እንቁላሏን የምትሸፍንበት ስስ ነጭ ሽፋን ይለጠፋል። ጣውላው ሲመታ ሽፋኑ ይንቀጠቀጥና ድምፁን ያነዝረዋል። አሁን አሁን በስስ ወረቀት ወይም በፕላስቲክ የሚተኩት አሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን፤ የሸረሪት ድር እንጨትን ሲያናግር ማሰብ ግን ለእኔ አዲስ ነበር። ቀዳዳውን የበሳውን የመጀመሪያውን ሰው አስበዋለሁ። ጥርት ያለ ድምፅ በእጁ ነበር። አልበቃውም። ከግድግዳ ላይ የሸረሪት ሽፋን ላጥ አድርጎ ለጠፈበት።

ጊኒ ውስጥ ኒያጋሶላ በሚባል መንደር ሶሶ ባላ የሚሉት አንድ ባላፎን አለ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከማሊ መንግሥት መሥራች ከሱንዲያታ ኬይታ ጋር የተዋጋው የሶሶው ንጉሥ የሱማኦሮ ካንቴ ነበር ተብሎ ይተረካል። ኩያቴ የሚባሉት የአዝማሪ ቤተሰቦች ከትውልድ ወደ ትውልድ ይጠብቁታል። እ.ኤ.አ. በ2001 ዩኔስኮ ቅርስ ብሎ አውጆታል። አዝማሪ ያልኩት የሚቀርበው ቃል እሱ ስለሆነ ነው፤ እነሱ ግን ታሪክ ጠባቂም፣ አስታራቂም፣ የነገሥታት አፈ ጉባኤም ናቸው።

ለእኛ የሚቀርበው ግን የኡጋንዳው ነው። ባጋንዳዎች ኤንናንጋ የሚሉት በገና መሰል መሣሪያ አላቸው፣ በካባካው ግቢ ለንጉሡ ይደረደር የነበረ። አንገቱ ላይ፣ ከእያንዳንዱ ክር አጠገብ፣ በእንሽላሊት ቆዳ የተለበጠ ቀለበት ይደረጋል። ክሩ ሲርገበገብ ቆዳውን እየነካ ይነዝራል። ቀለበቱን ወደ ክሩ ማስጠጋትና ማራቅ የተጫዋቹ ሥራ ነው። የአባባን ጥፍር አስታወሰኝ። ሁለት ሕዝብ፣ ሁለት የተለያየ አሠራር፣ አንድ ዓይነት ትዕግሥት። እ.ኤ.አ. በ1966 የመንግሥት ጦር የካባካውን ቤተ መንግሥት ሲያጠቃ የግቢው ሙዚቀኞች ተበተኑ። መሣሪያቸውም ለረጅም ጊዜ ሰሚ አጣ። ይህን ሳነብ የእኛ በገና ከሬዲዮ የጠፋባቸው ዓመታት ትዝ አሉኝ።

ሌሎችም አሉ። ኮራ የሚባለው የምዕራብ አፍሪካ ባለ ክር መሣሪያ ብርኩማው ላይ በሽቦ ቀለበት የተከበበ የብረት ሳህን ይደረግለታል። የሞዛምቢክ ቾፒዎች ቲምቢላ በሚሉት ባላፎን መሰል መሣሪያቸው ሥር ባለው ቅል ላይ ስስ የእንስሳ ሽፋን ይለጥፋሉ። ነገሩ ከአፍሪካም ይሻገራል፤ ሕንዶች ታንፑራ በሚሉት መሣሪያ ላይ ከክሩ ሥር ቀጭን የጥጥ ክር ያስገባሉ፣ እንዲነዝር። የእኛው ማሲንቆስ ቢሆን? የፈረስ ጭራ በፈረስ ጭራ ሲፋቅ የሚወጣው ሻካራ ነገር ባይኖር ማን ማሲንቆ ይለዋል?

* * *

ራሴን ደጋግሜ የጠየቅሁት አንድ ጥያቄ አለ። ያን ድምፅ እንዴት ቆሻሻ አድርጌ ሰማሁት?

በገና አዲስ ነገር አልነበረም። ያደግሁት አያቴ ቤት ነው። በሁዳዴ፣ ገና ሳይነጋ፣ የአያቴ ትንሽ ሬዲዮ ይከፈታል። ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ እሰማዋለሁ። የሬዲዮኑ ድምፅና የበገናው ንዝረት ተደባልቀው እስከ ጆሮዬ ይመጣሉ። ያ ንዝረት ለእኔ የጾም ድምፅ ነበር፤ የተልባና የሹሮ ሽታ፣ የነጠላ ጠረን ያለበት። እወደው ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ በጆሮ ማዳመጫ ሲመጣልኝ ግን አላወቅሁትም።

ማንም «ይህን ጥላ» አላለኝም። የተማርኩት ከኢንተርኔት ነው፣ በፒያኖና በጊታር ምሳሌ። የምሠራበት ፕሮግራም ላይ ኖይዝ የሚል ቁልፍ አለ። ምን ኖይዝ እንደሆነ፣ ምን እንዳልሆነ አይጠይቅም። ፒያኖ ሲነዝር ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ቃኚ ይጠራለታል። እኔ ያንን ሕግ ይዤ አባባ ፊት ተቀመጥኩ። እሳቸው 40 ደቂቃ የደከሙበትን ነገር ሁለት ሌሊት ደክሜ አጠፋሁት። ሁለታችንም ለጥራት ነበር የምንደክመው።

አሁን በገና ስቀዳ መጀመሪያ ደርዳሪውን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ «ነቅቷል ወይ?» እላለሁ። አንዳንዱ ወጣት ቃሉን አያውቀውም፣ ያየኛል። ያኔ እንዝራውን አብረን እናየዋለን። ማይኩን ወደ ብርኩማው አስጠጋለሁ። ከፍ ያሉትን ፍሪኩዌንሲዎች አልነካም። አንዳንድ ደንበኛ «ትንሽ ያንሸዋሽዋል፣ አጽዳልን» ይለኛል። በትሕትና አስረዳለሁ። የሚገባው አለ፣ ሥራውን ወደ ሌላ የሚወስድም አለ።

* * *

አባባ ያረፉት ካቻምና ነው። የሙት ዓመታቸው ሲቃረብ ልጃቸው ደወለችልኝ። በስም አውቃታለሁ እንጂ ተገናኝተን አናውቅም። ሲዲው ቤት አለ፤ ሌላ የተቀዳ ነገር ካለ ብላ ነው።

አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ፈለግሁ። ከስቱዲዮው ስወጣ ይዤው የወጣሁት እሱን ብቻ ነበር። ዋናው ቅጂ አለ፣ ምንም ያልተነካ። ቤቴ መጣች። ቡና አቀረብኩና ኮምፒዩተሩን ከፈትኩ።

መጀመሪያ የወንበር ድምፅ ይሰማል። ከዚያ የእኔ፣ «አባባ፣ እንጀምር?» ከዚያ የእሳቸው፣ «ቆይ ልጄ፣ ገና አልነቃም።» ሳል። መቃኛ ሲዞር። አንድ ምት፣ ደብዛዛ። ጥፍር ቆዳ ላይ ሲፋቅ። ሌላ ምት፣ እሱም ደብዛዛ። ጥፍር። ምት፤ ነዘረ።

«ይሄ መቃኘቱ ነው፣ 40 ደቂቃ አለው» አልኳትና ወደ መዝሙሩ ላሳልፈው እጄን ዘረጋሁ። እጄን ያዘችኝ።

«ተወው» አለች።

ዝም ብለን ሰማን። ቡናው ቀዘቀዘ። ሰባተኛው አውታር ላይ አባባ ተቸግረዋል፤ ይመታሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ይገፋሉ፣ ይስባሉ። ለራሳቸው የሆነ ነገር ያጉተመትማሉ። እሷ ፈገግ አለች።

«ልጆች ሆነን ሌሊት የምንነቃው በዚህ ነበር» አለችኝ። «አባዬ እንዝራውን ሲያስተካክል እንሰማዋለን። መዝሙሩን ሲጀምር ተመልሰን እንተኛለን።»

40ው ደቂቃ አለቀና አባባ ማዜም ጀመሩ። ጥቂት አዳመጠች።

«ወደ ኋላ መልሰው» አለችኝ።

መለስኩት።